ባቡሩ ሳይቆም ሐዲድ መሥራት፦ የካልትሬን ሰባት ዓመታት

በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ሆዜ መካከል የሚመላለሰው ካልትሬን በጁላይ 2017 የቅዳሜና እሁድ ምልልሱን ቀነሰ፤ በየ60 ደቂቃው ይመጣ የነበረው ባቡር በየ90 ደቂቃው ሆነ። በሴፕቴምበር 21 ቀን 2024 ደግሞ ያው የቅዳሜና እሁድ ባቡር በየ30 ደቂቃው መምጣት ጀመረ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በመካከሉ 82 ኪሎ ሜትር መስመር ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ተቀይሯል። ባቡሩ ግን ሥራው እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ ጠዋት ሠራተኛ ሲያደርስ፣ ማታ ሲመልስ ነው የከረመው።

ስለ እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ገንዘብ ነው። ገንዘቡም ቀላል አልነበረም፤ 1.98 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ የተጀመረው 2.44 ቢሊዮን ላይ ደርሷል። ይሁን እንጂ በእኔ እምነት ሥራውን የሚወስነው ሰዓት ነው። አንድ ሐዲድ በአንድ ጊዜ ባቡርም ሠራተኛም አያስተናግድም። ምልልስ በተጨመረ ቁጥር ሠራተኛው ሐዲዱን የሚያገኝበት ሰዓት ይቀንሳል፤ ሠራተኛው ሰዓት ባጣ ቁጥር ደግሞ የተሻለው ምልልስ የሚጀመርበት ቀን ይርቃል። የቀረው ዝርዝር ሁሉ ከዚህ ጠብ የሚመነጭ ነው።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም እንደ ካልትሬን በ25 ኪሎ ቮልት ነው የሚሄደው። ልዩነቱ፣ ያ መስመር አዲስ ነው፤ ምሰሶው ሲተከልና ሽቦው ሲወጠር ከሥሩ በየሰዓቱ የሚያልፍ ተሳፋሪ አልነበረም። የካልትሬን ሐዲድ ግን በ1860ዎቹ የተዘረጋ ነው። በ1991 ከሳውዘርን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ሲገዛ የጭነት ባቡር የማለፍ መብቱ ስላልተነካ፣ ተሳፋሪው ተኝቶ እንኳ መስመሩ ሁልጊዜ ባዶ አይሆንም።

አንድ የሥራ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበላ በቁጥር እንየው። በመጨረሻው የማታ ባቡርና በመጀመሪያው የማለዳ ባቡር መካከል አራት ሰዓት አለ እንበል፤ 240 ደቂቃ ነው። የቡድኑ ኃላፊ ለስምሪት ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ይደውላል፤ ከየትኛው ሲግናል (የሐዲድ ዳር መብራት) እስከ የትኛው ሲግናል መስመሩ እንደተሰጠው ይጽፋል፤ የጻፈውን መልሶ ያነባል፤ ተቆጣጣሪው ትክክል ነው ብሎ ሰዓቱን ይሰጠዋል። ምልክቶቹን ከማስቀመጥ ጋር 20 ደቂቃ ያዙ። የጎማም የሐዲድም እግር ያላቸው ማሽኖች አንድ የመኪና መሻገሪያ ላይ ሐዲዱን ይይዙና ወደ ሥራው ቦታ በዝግታ ይጓዛሉ፤ 30 ደቂቃ። የደኅንነት ገለጻ 10። ሲጨረስ መመለሻው ሌላ 30፣ ሐዲዱን በእግር እየሄዱ መፈተሽ፣ ዕቃ መቁጠርና መስመሩን ማስረከብ 30፣ ለድንገተኛ የሚያዝ 15። ድምሩ 135 ነው። ለቁፋሮው ወይም ለሽቦው የተረፈው 105 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ሌሊት በመግባትና በመውጣት አለቀ ማለት ነው።

አሁን ከዓርብ ማታ 4 ሰዓት እስከ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መስመሩን ሙሉ በሙሉ ዝጉት። 54 ሰዓት ነው፤ 3,240 ደቂቃ። የመግቢያና የመውጫው 135 ደቂቃ እዚህም ይቀነሳል፤ የሚቀነሰው ግን አንድ ጊዜ ነው። የፈረቃ መቀያየሪያው ጥቂት ቢወስድም አንድ የተዘጋ ቅዳሜና እሁድ ወደ 30 የሚጠጉ ሌሊቶችን ሥራ ይሠራል። ተሳፋሪው ስለ መዘጋት ሲሰማ ይቆጣል፣ መቆጣቱም ተገቢ ነው። ግን «ሳይዘጋ በሌሊት በሌሊት ይሠራ» የሚለው አማራጭ ደግነት ቢመስልም ሥራውን በወራት ያራዝመዋል። እኔ ብጠየቅ፣ ቀኑ አስቀድሞ ተነግሮ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋውን እመርጣለሁ።

በመዘጋትና ባለመዘጋት መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ከሁለቱ ሐዲዶች አንዱን ለሠራተኛ ሰጥቶ በሌላኛው ባቡሮችን በሁለቱም አቅጣጫ ማሳለፍ። ብዙ የተሳሳተ ተስፋ የሚሰጠውም ይኸው ዘዴ ነው።

ነጠላ የሆነው ክፍል 10 ኪሎ ሜትር ይሁን። ባቡሩ ከነመቆሚያው በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሄደ በ10 ደቂቃ ያልፈዋል። ጫፍ ላይ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ስዊች እስኪዞር፣ መቆለፉ እስኪረጋገጥና ለተቃራኒው ባቡር መንገድ እስኪሰጥ 2 ደቂቃ ጨምሩ። ወደ ሰሜን 12፣ ወደ ደቡብ 12፣ በድምሩ 24 ደቂቃ። ምልልሱ በየ30 ደቂቃው ከሆነ የሚተርፈው 6 ደቂቃ ነው። አንድ ተሳፋሪ በተሽከርካሪ ወንበር ሲወጣና ሲወርድ፣ ሌላው ብስክሌቱን ሲጭን ያቺ 6 ደቂቃ ታልቃለች። በዚህ ላይ ሠራተኛ አጠገብ ስላለ ፍጥነቱ ወደ 40 ይውረድ ቢባል መተላለፊያው 15 ደቂቃ ይሆናል፤ ደርሶ መልሱ ከነስዊቹ 34። የግማሽ ሰዓቱ ሰሌዳ እዚያው ላይ ፈረሰ፤ አንድም ነገር ሳይበላሽ እያንዳንዱ ባቡር ከፊተኛው የባሰ እየዘገየ ይሄዳል።

በየ90 ደቂቃው ቢሆንስ? በ60 ፍጥነት 25 ኪሎ ሜትር ነጠላ ሐዲድ 25 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከስዊቹ ጋር 27፣ ደርሶ መልሱ 54። ከ90 ላይ 36 ደቂቃ ይተርፋል። የ2017ቱ ቅነሳ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በየ90 ደቂቃው የሚመጣ ባቡር ለሠራተኛው ረጅም የሐዲድ ክፍል ቀኑን ሙሉ እንዲያገኝ ያስችለዋል፤ በየ30 ደቂቃው ከሆነ 10 ኪሎ ሜትርም በጭንቅ ነው።

ባቡሮችን በጥንድ ማሳለፍም ይቻላል፦ ሁለት ወደ ሰሜን በ5 ደቂቃ ልዩነት፣ ከዚያ ሁለት ወደ ደቡብ። በዚያው በ10 ኪሎ ሜትሩ ክፍል ለእያንዳንዱ አቅጣጫ 17 ደቂቃ፣ በድምሩ 34 ይሆናል፤ በ40 ደቂቃ ዙር አራት ባቡር ያልፋል። በወረቀት ላይ የባቡሩ ቁጥር አድጓል። ጣቢያ ላይ ለቆመው ሰው ግን ሁለት ባቡር ተከታትሎ መጥቶ ከዚያ የ35 ደቂቃ ባዶ ነው። «በሰዓት ይህን ያህል ባቡር» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ በመካከላቸው ያለው ልዩነት እኩል መሆኑን ጠይቁ።

ነጠላው ክፍል ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል የሚለውን የሚወስነው ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ስዊቾች መራራቅ ነው። ከስዊቹ 500 ሜትር ርቆ አንድ ጉድጓድ ለመቆፈር ቢፈለግም፣ መዘጋት ያለበት ከስዊች እስከ ስዊች ያለው በሙሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መሠራት ያለባቸው እነሱ ናቸው፤ ሌላው ሥራ ሁሉ በእነሱ ላይ ስለሚደገፍ።

ካልትሬን ይህን ያደረገው ከኤሌክትሪኩ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ከ2002 እስከ 2004 ድረስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ባቡር አልነበረም። በዚያ ጊዜ ፈጣኑ ባቡር ዘገምተኛውን የሚቀድምባቸው ባለ አራት ሐዲድ ክፍሎች በመስመሩ ላይ ባሉት ብሪዝቤንና ሳኒቬል ከተሞች አካባቢ ተሠሩ፤ ማሻገሪያ ስዊቾች ገቡ፤ ሲግናሉም ከአንድ ማዕከል እንዲታዘዝ ተደረገ። በጁን 2004 ቤቢ ቡሌት የተባለው ፈጣን ባቡር ተጀመረ፤ ከሳን ሆዜ ሳን ፍራንሲስኮ አንድ ሰዓት የማይሞላ ጉዞ ሆነ። ፈጣኑን ባቡር ያመጣው ኤሌክትሪክ አይደለም፤ በናፍጣ ነበር የሚሄደው። ያመጣው መቅደሚያ ሐዲዱ ነው። ሁለት ዓመት ያለ ቅዳሜና እሁድ ባቡር መራራ ነው፤ በመጨረሻ የተገኘው ነገር ግን በጊዜ ሰሌዳው ላይ በግልጽ ይታይ ነበር።

የኤሌክትሪኩ ሥራ በ2017 ሲጀመር ከሁሉ ያዘገየው ከመሬት በታች ያለው ነበር። ለሽቦው ከ3,000 በላይ የምሰሶ መሠረት ያስፈልግ ነበር። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፦ ቦታው ይመረጣል፣ በውሃ ግፊትና በመምጠጫ ማሽን በጥንቃቄ ተቆፍሮ ከሥር ምን እንዳለ ይታያል፣ ባዶ ከሆነ መሠረቱ ይቆፈርና ብረትና ኮንክሪት ይገባል። ጭንቁ የሚመጣው ባዶ ሳይሆን ሲቀር ነው። በካርታ ላይ የሌለ የሲግናል ገመድ፣ የፋይበር መስመር ወይም ቧንቧ ይገኛል። ምሰሶውን ሁለት ሜትር ወደ ጎን ማድረግ ምን ችግር አለው ሊባል ይችላል። ችግር አለው። የሁለቱ ምሰሶዎች መራራቅ ሲቀየር የሽቦው እርግብታ ይቀየራል፤ ጠመዝማዛ ቦታ ላይ ደግሞ ሽቦው ከሐዲዱ መሐል ምን ያህል እንደሚወጣ ይቀየራል። ሥዕሉ ወደ ዲዛይነሩ ይመለሳል፤ ለዚያ ሌሊት የተያዘው ሰዓት፣ ሠራተኛና ማሽን ከንቱ ይቀራል። መሠረቶቹ ተሠርተው ያለቁት በ2022 መጀመሪያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ራስ ምታት የመኪና መሻገሪያዎቹ ነበሩ። በመስመሩ ላይ ወደ 40 ገደማ አሉ። ነባሩ መሣሪያ በሐዲዱ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል፤ የሚመጣው ባቡር ጎማዎች ሁለቱን ሐዲዶች ሲያገናኙ ምልክቱ ይለወጣል፤ መሣሪያው የለውጡን ፍጥነት አይቶ ባቡሩ በስንት ሴኮንድ እንደሚደርስ ይገምታል፣ መኪና የሚያግደውን ዘንግም በዚያ ልክ ያወርዳል። የአሜሪካ ሕግ ቢያንስ 20 ሴኮንድ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የተጠቀመበትን ኤሌክትሪክ ወደ ማከፋፈያው የሚመልሰው በዚሁ ሐዲድ በኩል ነው። ስለዚህ ያ ስሱ መሣሪያ እንዳለ ሊቀጥል አልቻለም፤ ሌላ ዘዴ ተነድፎ፣ ተሠርቶ፣ በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ መፈተሽ ነበረበት። አጉል ከተሠራ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይመጣል። ዘንጉ ዘግይቶ ቢወርድ የሰው ሕይወት ነው። ባቡሩ ከመሻገሪያው በፊት ባለው ጣቢያ ሲቆም ዘንጉ ወርዶ ቢቀር ደግሞ መኪና ነጂው ትዕግሥቱ ያልቅና በዘንጎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ለማለፍ ይሞክራል፤ ይህም መጨረሻው ከመጀመሪያው አይለይም።

በሳን ፍራንሲስኮ በኩል ያሉት አራት ዋሻዎች የእንፋሎት ባቡር ዘመን ናቸው፤ ሽቦው እንዲገባ ውስጣቸው መስተካከል ነበረበት። ዋሻ ውስጥ አንዱን ሐዲድ ዘግቶ በሌላው ባቡር ማሳለፍ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ዓመት የጸደይ ወራት ድረስ የቅዳሜና እሁድ ባቡር ቤይሾር ጣቢያ ላይ ይቆምና ተሳፋሪውን ቀሪውን መንገድ ምትክ አውቶቡስ ይወስደው ነበር።

ምትክ አውቶቡስ ሲባል ሁሉም ይቀለዋል፤ ሒሳቡ ግን ይከብዳል። አንድ ባቡር 300 ሰው ቢያመጣና አውቶቡሱ 50 ቢይዝ ስድስት አውቶቡስ ያስፈልጋል። መሄጃው 25፣ መመለሻው 25፣ መውጫና መውረጃው በሁለቱም ጫፍ 10 ደቂቃ ቢሆን አንድ ዙር 70 ደቂቃ ነው። ባቡሩ በየሰዓቱ የሚመጣ ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳይመለሱ ቀጣዩ ይደርሳል፤ ሌላ ስድስት ይጨመራል። አሥራ ሁለት አውቶቡስ፣ አሥራ ሁለት ሾፌር፣ ከተቀያሪ ጋር ደግሞ ከዚያ በላይ። ብስክሌት ለመጫን ሙሉ ፉርጎ ያለው ባቡር ላይ የለመደ ተሳፋሪ አውቶቡሱ ሁለት ሦስት ብስክሌት ብቻ እንደሚይዝ የሚያውቀው በር ላይ ነው። ማስታወቂያው ይህን በትልቁ መጻፍ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን ከታች በትንሿ ፊደል ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ምልልስ የተጨመረበት ጊዜም አለ። በኦገስት 30 ቀን 2021 ምሰሶው ገና ተተክሎ ሳያልቅ ካልትሬን የሥራ ቀን ባቡሮቹን 104 አደረሳቸው፤ ከወረርሽኙ በፊት 92 ነበሩ። ይህ ካልኩት ጋር የሚጋጭ ይመስላል። አይጋጭም፤ ዋናው ነገር ባቡሩ የሚጨመርበት ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ ባቡር ብትጨምሩ ከሠራተኛው የምትወስዱት ነገር የለም፤ በዚያ ሰዓት ሐዲዱን ማንም አልሰጠውም። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ብትጨምሩ ግን ያው አንድ ባቡር የሌሊቱን ሥራ በአንድ ሰዓት ያሳጥረዋል፤ ከ105 ደቂቃ ላይ 60 ሲነሳ የሚቀረው 45 ነው፣ ለዚያ ማሽን ማስወጣትም አያዋጣም። «አገልግሎት ጨምረናል» የሚለው ቁጥር ብቻውን ስለ ግንባታው ምንም አይነግርም።

ጣቢያዎቹም አብረው ይሠሩ ነበር። የሂልስዴል ጣቢያ ከሜይ 2020 እስከ ኤፕሪል 2021 ተዘግቶ ወደ አዲስ ቦታ ሲዛወር ተሳፋሪው ቤልሞንት ላይ እንዲወርድ ተደረገ። የሳውዝ ሳን ፍራንሲስኮው ታሪክ ግን የበለጠ ያስተምራል። አሮጌው ጣቢያ በሁለቱ ሐዲዶች መሐል ጠባብ መቆሚያ ነበረው፤ ተሳፋሪው ወደዚያ የሚደርሰው ሐዲድ ተሻግሮ ነው። ስለዚህ አንድ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ካለ ከተቃራኒ የሚመጣው ውጭ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። አንዱ ሲዘገይ ሌላውን ይጎትተዋል፤ ያም የራሱን ተከታይ። በጃንዋሪ 2022 ሰፊ መቆሚያና የምድር ውስጥ መተላለፊያ ያለው አዲሱ ጣቢያ ሲከፈት ያ ደንብ እዚያ ቦታ ላይ ተሻረ። ለእኔ ይህ ከብዙ አዲስ ባቡር ይበልጣል፤ የሰላሳ ደቂቃ ሰሌዳ ሊቆም የሚችለው እንዲህ ዓይነት ማነቆ ሲነሳ ነው።

በማርች 10 ቀን 2022 ሳን ብሩኖ ላይ አንድ የተሳፋሪ ባቡር ሐዲዱ ላይ ከነበሩ የግንባታ ማሽኖች ጋር ተጋጨ፤ ሰዎች ተጎዱ፣ እሳትም ተነሳ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ ማሽኖቹ ገና ከሐዲዱ ሳይወጡ የመስመሩ ጥበቃ ተለቆ ነበር። ከላይ ያልኳቸው 30ዎቹ የመፈተሻና የማስረከቢያ ደቂቃዎች ለዚህ ነው የማይነኩት። ሥራ ሲዘገይ አለቃው መጀመሪያ የሚያማትረው እነሱን ነው፤ ምንም የሚገነባባቸው አይመስሉምና። ባቡርን በራሱ የሚያቆመው የደኅንነት ሥርዓትም ቢሆን የሚያቆመው መስመሩ እንደተያዘ ከተነገረው ነው። ፈቃዱ ከተለቀቀ ለኮምፒውተሩ መስመሩ ባዶ ነው።

ይኸው ሥርዓት አዲስ ስዊች ወይም ሲግናል በገባ ቁጥር ሌላ ሥራ ይጨምራል። ሜዳው ላይ ያለው፣ የተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ ያለውና በእያንዳንዱ ባቡር ኮምፒውተር ውስጥ የተጫነው ካርታ በአንድ ላይ መቀየር አለባቸው። ሲግናሉ 40 ሜትር ተዛውሮ የባቡሩ ካርታ በድሮው ከቀረ፣ ባቡሩ የሌለ ሲግናል ፊት ፍሬን ይይዛል። አዲስ የሲግናል ክፍል ሥራ ላይ የሚውለው ብዙ ጊዜ መስመሩ በተዘጋ ቅዳሜና እሁድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፦ እያንዳንዱ መንገድ፣ መብራትና ቁልፍ አንድ በአንድ ይፈተሻል፤ ሰኞ ጠዋት ላይ ያልተፈተሸ አንድ መንገድ ቢቀር እሱ ዝግ ሆኖ ይቆያል።

ጠጠሩ ሲነሳና ሐዲዱ ሲስተካከልም ሥራው ባለቀ ማግስት ፍጥነት አይመለስም። አዲስ የተጠቀጠቀ ጠጠር ገና አልረጋም፤ ባቡሮች እስኪያልፉበት ወይም ማርጊያ ማሽን እስኪሄድበት ድረስ ሐዲዱን ወደ ጎን አጥብቆ አይዝም። በሙቀት ቀን ረጅሙ የተበየደ ሐዲድ ሲለጠጥ እዚያ ቦታ ላይ ሊጎብጥ ይችላል። ስለዚህ የፍጥነት ገደብ ይጣላል። ሰሌዳ አውጪው ለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ካልያዘ «ሥራው አልቆ ለምን ይዘገያል?» የሚለው ቅሬታ ይመጣል።

በኦገስት 11 ቀን 2024 የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ተሳፋሪ መጫን ጀመሩ። ለስድስት ሳምንት ያህል ግን ፈጣኑ አዲስ ባቡር በዘገምተኛው የናፍጣ ሰሌዳ ነበር የሚሄደው፤ ሁለቱ ዓይነት በአንድ ሐዲድ ላይ እስካሉ ድረስ ሰሌዳው በደካማው ልክ ይሰፋል። በሴፕቴምበር 21 ሰሌዳው ሲቀየር ነው ልዩነቱ የታየው፤ በየጣቢያው የሚቆመውና ወደ 100 ደቂቃ ይወስድ የነበረው ባቡር ከ80 ደቂቃ በታች ሆነ። ከሳን ሆዜው ታሚየን ጣቢያ በስተደቡብ ወደ ጊልሮይ ያለው ሐዲድ የጭነት ባቡር ኩባንያው የዩኒየን ፓሲፊክ ስለሆነ ሽቦ የለውም፤ የዚያ ተሳፋሪ አሁንም በናፍጣ ባቡር መጥቶ ሳን ሆዜ ዲሪዶን ጣቢያ ላይ ይቀይራል።

ሥራው ገና አላለቀም። በርሊንጌም ከተማ ውስጥ ብሮድዌይ ላይ መንገዱንና ሐዲዱን የመለያየት እቅድ ሲዘጋጅ ቆይቷል። አሁን ከላይ ሕያው ሽቦ ስላለ እያንዳንዱ ሌሊት ኤሌክትሪክ ማጥፋት፣ መጥፋቱን መለካትና ሽቦውን ከመሬት ጋር ማገናኘት ይጨመርበታል፤ ሲጨረስም በተቃራኒው። መግቢያው ላይ 20፣ መውጫው ላይ 15 ደቂቃ ብንይዝ፣ ከ105ቱ የሚተርፈው 70 ነው።